የጦር አዛዡ አንበሳና የገና ጨዋታ ክለቡ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ወዲህ የሚኖሩ አራዊት የገና ጨዋታ ክለባቸው በማዶዎቹ ሰባት ዓመት በተከታታይ ቢሸነፍባቸው፣ መሪነቱን ለአንበሳ ሰጡት። አንበሳ በወጣትነቱ የጦር አዛዥ ነበር። አሁን ግን ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹም ርቀው ሄደው፣ በዋሻው ውስጥ ድምፅ የሚሰማው ራሱ ሲያስነጥስ ብቻ ነው። ደጁን የሚረግጠው የማዶዎቹ አለቃ ዝንጀሮ ነበር፤ እሱም በዓመት አንድ ቀን፣ በጨዋታው ማግሥት። በሩ ላይ ይቆምና፣

«አያ አንበሶ! ዘንድሮም ጎፈር ብቻ!» እያለ ይሰድበዋል። ስድቡን ሲጨርስ ገብቶ አብሮት ይበላል። ወጉ ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

አንበሳ ግን ሳይሞት አንድ ጊዜ ማሸነፍ ፈለገ። በተራው ዝንጀሮ በር ላይ ቆሞ መሳደብ አማረው። ስለዚህ ቀበሮን አማካሪ፣ አህያን አምበል፣ ጉልበተኛውን ጅብ ተከላካይ አደረገ።

«ጨዋታ ጦርነት ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። «ጠላትን መሰለል፣ መከፋፈል፣ ስንቁን መቁረጥ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ የሚቀረን ሥራ ትንሽ ነው።»

«የጎደለን መቀባበል ነው» አለች አህያ። «ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ ጅብ ዱላ ሥር ከገባች መቼ ትወጣለች?»

«አምበል ይታዘዛል እንጂ አይመክርም!» አላት ቀበሮ። አንበሳም የድሮ ዘመኑ ትዝ ብሎት ደረቱን ነፋ።

ጅብ ለስለላ ተላከ። ሲመለስ አንበሳ «ስንት ናቸው?» ሲል ጠየቀው።

«የሚጫወቱት ነው ወይስ የሚበሉት?»

«የሚጫወቱት፣ አንተ ሆዳም!»

«እሱን አልቆጠርኩም። ሚዳቋ ግን ወፍራለች።»

ሚዳቋ የማዶዎቹ ፈጣን አጥቂ ነበረች። ቀበሮ ግን ይህን ከቁም ነገር ሳይጥፈው ወደ ሁለተኛው ስልት አለፈ። ከማዶዎቹ ተጫዋቾች ለአንዱ፣ ለከርከሮ፣ «ዝንጀሮ በጥርስህ ይስቃል» አለው። ለዝንጀሮ ደግሞ «ከርከሮ አለቅነትህን ሊወስድ ነው» አለው። የማዶው ቡድን ለሁለት ተከፈለ። ቀጥሎ ጅብ ማዶዎቹ ውኃ ሊጠጡ የሚወርዱበትን መንገድ እንዲይዝ፣ የሚወርደውንም እንዲያስፈራራ ታዘዘ። በማግሥቱ ከንፈሩን እየላሰ መጣ።

«ምን አደረግህ?» አለ አንበሳ።

«ሚዳቋን አስፈራራኋት።»

«ከዚያስ?»

«ስትፈራ ድርቅ ብላ ቆመች። ስትቆም በላኋት።»

አህያ ዱላዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ጌታዬ፣ አምና ሳታስበው ጉልበቴን መትታኝ፣ ጨዋታውን ጥላ ቅጠል ያሰረችልኝ እሷ ነበረች።»

«በጦር ሜዳ ቋንቋ የጠላት ኃይል ተዳከመ ነው የሚባለው» አለ ቀበሮ።

አንበሳ ጅብን ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ማሸነፉን አሰበና መልሶ ዘጋው።

የገና ዕለት ክለቡ ወደ ሜዳ ወረደ። ከማዶ የመጣ የለም። ቀበሮ ተሻግሮ አየና እየሮጠ ተመለሰ።

«ልጆቻቸውን አዝለው ከተራራው ወዲያ ተሰደዋል! ደስ ይበልዎ ጌታዬ፤ አንድ ጠብታ ላብ ሳናፈስ አሸነፍን!»

ጅብ «ድግሱስ?» አለ። እንደሌለ ሲነገረው ሌላ ድግስ ፍለጋ ሄደ። ቀበሮም ሽንፈት የመረረው ሌላ ክለብ እንዳለ ሰምቶ ነበርና ተሰናበተ። አህያ ወደ ተራራው ፊቷን አዞረች።

«አንቺስ ወዴት ነው?» አላት አንበሳ።

«የሚጫወት ወዳለበት።»

«አሸንፈናል እኮ፣ እመት አህያ!»

«እርስዎ አሸንፈዋል፣ ጌታዬ» ብላው ሄደች።

አንበሳ ዓመቱን ሙሉ ያሰናዳው ስድብ ነበረው። ዙሪያውን አየ። የሚሰደብ አልነበረም። ዱላውን አነሣና ሩሯን ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። ማንም ሳይከላከላት እስከ ሜዳው ጫፍ ተንከባልላ ቆመች። መልሶ የሚመታት ስላልነበረ፣ በእርጅና እያነከሰ ሄዶ ራሱ መለሳት። እንደገና መታት፤ እንደገና ሄደ። ሲመሽም ገና እየተመላለሰ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ተጋጣሚውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋ ማሸነፉን የሚመሰክርለት እንኳ እንደማይተርፈው ነው።