ጋሽ መንገሻና ያለቀው የጀልባ ፈቃድ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የዚህኛው መሠረቱ ውሃ ነው።

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ጋሽ መንገሻ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። የዓለምን ወንዞች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ፤ መነጽራቸውን ግን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሲያተራምሱ ይውላሉ። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ አረንጓዴ የመዝናኛ ጀልባ አለቻቸው። ሚስታቸው እትዬ አመለወርቅ ከጥር እስከ ሚያዝያ ታመው አልጋ ላይ ከርመዋል። ሰኔ ላይ ሐኪሙ «አሁን ከሰፈር ራቅ ብለው አየር ይቀበሉ» ሲላቸው አንዲት ነገር ብቻ ተመኙ።

«መንገሻ፣» አሉ፣ «ሦስት ወር ሙሉ ያንን ውሃ በመስኮት ስሰማው ነው የከረምኩት። መሃሉ ድረስ ውሰደኝና እጄን ነክሬ ልቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልብ በሉ፤ ወርቅ አላሉ፣ ቀሚስ አላሉ። እጄን ልንከር አሉ። ይህን እንቢ የሚል ባል ቢኖር እኔው ራሴ እነክረው ነበር፣ ያውም በጭንቅላቱ።

ጋሽ መንገሻም እሺ አሉ። ችግሩ ቀኑ ነው። ሐምሌ ሲገባ ነፋሱ ስለሚከፋ ሐይቁ ለመዝናኛ ጀልባ ይዘጋል፤ እስከ መስከረም ማንም አይገባበትም። መስከረም ለጤነኛ ሰው ቅርብ ነው፤ ከአልጋ ለተነሳ ሰው ግን ሩቅ ነው። ሌላው ችግር ወረቀቱ ነው። የጀልባ ፈቃዳቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ቢያዩት፣ ጊዜው ካለፈ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል።

ወደ ፈቃድ ክፍል ሄዱ። እዚያ ትርሲት የምትባል፣ ማኅተሟን እንደ አራስ ልጅ ከጉያዋ የማታወጣ ወጣት ተቀምጣለች። አባባ፣ ከዓመት በላይ ያለፈ ፈቃድ ዝም ብሎ አይታደስም፣ መርማሪው ጀልባዋን አይተው ይፈርሙልዎት አለቻቸው። ቢለምኗት፣ ስለ ሚስታቸው ቢነግሯት፣ አዘነችላቸው፤ ሻይም አዘዘችላቸው። ማኅተሙን ግን ወደ ጉያዋ መለሰችው።

ማኅተም አልመታም አለች ትርሲት፤ የእትዬ አመለወርቅ እጅ ደረቅ ነው፤ ሐምሌም ይመጣል።

መርማሪው ሻምበል ጉልላት ናቸው። ከድሮው ባሕር ኃይል የቀሩ ሰው ናቸው፤ ባሕሩ ቢርቃቸውም ሐይቁን እንደ ባሕር ያዙታል፣ ለዳክዬ እንኳ ሰላምታ ይሰጣሉ። ወደ ዳር ወረዱና ስለ ጀልባዋ ሳይሆን መጀመሪያ ስለ ላይፍ ጃኬቶቹ ጠየቁ። የጋሽ መንገሻ ደህና ነው። የእትዬ አመለወርቅን ግን ማሰሪያውን አይጥ በልቶታል። ሻምበል ይህን ሲያዩ ጀርባቸውን ለጀልባዋ ሰጥተው ቆሙ፤ ማሰሪያው በማሽን እስኪሰፋ ድረስ ዓይኔ እሷ ላይ አያርፍም አሉ። ጋሽ መንገሻ በቀኝ ቢዞሩ እሳቸው በግራ ዞሩ፤ እንዲህ እየተሽከረከሩ ዓሣ አጥማጆቹን አሳቋቸው።

ጀልባ አላይም አሉ ሻምበል፤ ማኅተም አልመታም አለች ትርሲት፤ የእትዬ አመለወርቅ እጅ ደረቅ ነው፤ ሐምሌም ይመጣል።

ያንን የመሰለ ወፍራም ጨርቅ የሚሰፋ በከተማው አንድ ከማል ብቻ ነው። ከማል የድንኳንና የመኪና ሸራ ሰፊ ነው፤ ማሽኑም እንደ በሬ ትልቅ ናት። እሷም እንደ በሬ ተኝታለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መርፌዋ አይወርድም፣ መዘውሯ አይዞርም። ከማል ጃኬቱን ተቀበለ፣ አገላብጦ አየ፣ መልሶ ሰጣቸው። መጀመሪያ ዱባለ መጥቶ ያስነሳት፤ በእጄ ልስፋው ብል ሰው ይሰምጥብኛል፣ በነፍስ አልጫወትም አለ።

ጃኬት አልሰፋም አለ ከማል፤ ጀልባ አላይም አሉ ሻምበል፤ ማኅተም አልመታም አለች ትርሲት፤ የእትዬ አመለወርቅ እጅ ደረቅ ነው፤ ሐምሌም ይመጣል።

ዱባለ መካኒክ ነው። ማሽኗን ጆሮውን ለጥፎ አዳመጣት፣ በሽታዋን አወቀ፣ መፍቻውንም አነሳ። አነሳና፣ ለመሆኑ ስትድን መጀመሪያ የምትሰፋው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ መንገሻ ከማልን በዓይናቸው ለመኑት። ከማል ግን ውሸት ማሽን አያስነሳም የሚል ሰው ነው፤ የእትዬ አመለወርቅን ጃኬት ነው አለ። ዱባለ መፍቻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እጄ ታስሯል፣» አለ። «እናቴ 'ለአመለወርቅ ቤት አንዲት ብሎን ብታጠብቅ የጠባኸው ጡት ይፋረድህ' ብላኛለች። ራሷ ትፍታኝ።»

የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ ጢሙ ሸብቷል። የእናት ቃል ግን ጢም አያይም።

ማሽን አልጠግንም አለ ዱባለ፤ ጃኬት አልሰፋም አለ ከማል፤ ጀልባ አላይም አሉ ሻምበል፤ ማኅተም አልመታም አለች ትርሲት፤ የእትዬ አመለወርቅ እጅ ደረቅ ነው፤ ሐምሌም ይመጣል።

የዱባለ እናት እትዬ ፈለቀች ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠብሳሉ። እሳቸውና እትዬ አመለወርቅ የአርባ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ የአንዷ ልጅ ሲያለቅስ የሌላዋ ወተት ይወርድ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ተኮራርፈዋል። ጋሽ መንገሻ ሄደው ቢለምኗቸው ዓሣውን ከማገላበጥ አላቆሙም።

«ለቅሶ ቤት አይታኝ ፊቷን አዞረችብኝ፣» አሉ። «ያደረግሁላትን በአፌ አልቆጥርም፤ ያበሉትን ማንሳት ነውር ነው። መጀመሪያ ትምጣና ሰላም ትበለኝ።»

እዚህ ላይ ጋሽ መንገሻን ሳል ያዛቸው። እትዬ ፈለቀች የዘይቱ ጭስ መስሏቸው ውሃ ሰጧቸው። ጭሱ እንኳ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የሚሄደው።

ልጄን አልፈታም አሉ እትዬ ፈለቀች፤ ማሽን አልጠግንም አለ ዱባለ፤ ጃኬት አልሰፋም አለ ከማል፤ ጀልባ አላይም አሉ ሻምበል፤ ማኅተም አልመታም አለች ትርሲት፤ የእትዬ አመለወርቅ እጅ ደረቅ ነው፤ ሐምሌም ስምንት ቀን ቀረው።

ጋሽ መንገሻ ቤታቸው ገቡና በማግስቱ ሚስታቸውን ለመኑ። እባክሽ ሂጂና ሰላም በያት፣ አንዲት ቃል ናት፣ ጀልባዋ በዚያች ቃል ታስራለች አሉ። እትዬ አመለወርቅ ገና ፈለቀች የሚለውን ስም ሲሰሙ ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አገሩ ሁሉ ሲጠይቀኝ ደጄን ያልረገጠች እሷ ብቻ ናት፣» አሉ። «ለምን ቀረሽ ብዬ ደግሞ አልለምናትም፤ ጥየቃ ተለምኖ አያምርም። የቀረች እሷ፣ ሄጄ ሰላም የምል እኔ? ሐይቁም ይቅርብኝ።»

ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። መስኮቱንም ዝጋልኝ አሉ።

እንግዲህ አያችሁ? አንዷ ያደረገችውን ማንሳት ነውር ሆነባት፤ ሌላዋ የቀረባትን መጠየቅ ነውር ሆነባት። ጨዋነታችን ስንቱን ሰው እንዳቆራረጠ ባለጌዎች ቢያውቁ ይስቁብናል።

ሰላም አልልም አሉ እትዬ አመለወርቅ፤ ልጄን አልፈታም አሉ እትዬ ፈለቀች፤ ማሽን አልጠግንም አለ ዱባለ፤ ጃኬት አልሰፋም አለ ከማል፤ ጀልባ አላይም አሉ ሻምበል፤ ማኅተም አልመታም አለች ትርሲት፤ የእትዬ አመለወርቅ እጅ ደረቅ ነው፤ ሐምሌም ሰባት ቀን ቀረው።

ሰንሰለቱ አሁን የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲለምን የከረመው ሰውዬ ራሱ ነው። ጋሽ መንገሻ በጓሮ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ዝም ቢሉ ሐምሌ ይገባል፣ ሐይቁ ይዘጋል፣ እሳቸውም ከመናዘዝ ይድናሉ። የተዘጋውን መስኮት ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ፈለቀች መጥታ ነበር፣» አሉ።

ግድግዳው ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ግድግዳው ስል እትዬ አመለወርቅን ማለቴ ነው።

«በየካቲት፣ ያ ትኩሳት በጠናብሽ ጊዜ። አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ተኝተሽ ነበርና እንዳትቀሰቅሳት አለችኝ። እግርሽን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ስታይሽ ቆይታ፣ ሄደች።»

«አጥሚቱስ?»

«ጠጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ትሞችብኛለሽ ብዬ። አንድ ሲኒ ብዬ ጀመርኩት። ከዚያ ፔርሙዙን አጥቤ፣ አመሰግናለሁ ብላለች ብዬ መለስኩላት። ልነግርሽ ረሳሁ። አንቺ ደግሞ ስትነቂ ፈለቀች ቀረች ማለት ጀመርሽ፤ ያን ጊዜ ፈራሁሽ። አንድ ቀን ዝም አልኩ። በማግስቱ ደግሞ የትናንቱ ዝምታ ተጨመረበት።»

እትዬ አመለወርቅ ተነስተው ተቀመጡ። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። ጋሽ መንገሻ የዓለም ወንዞች ሁሉ ጠፉባቸው።

«ጣዕሙ እንዴት ነበር?» አሉ እትዬ አመለወርቅ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ጨው በዝቶበት ነበር።»

«እሷ ናታ፣» አሉና ነጠላቸውን አነሱ። «አርባ ዓመት ሙሉ አልተማረችም።»

ጫማቸውን ሳያስተካክሉ ወጡ፤ ጋሽ መንገሻ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። እትዬ ፈለቀች መጥበሻቸው ላይ አጎንብሰዋል። እትዬ አመለወርቅ አጠገባቸው ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አጥሚቱ ጨው በዝቶበት ነበር አሉ፣» አሉ።

እትዬ ፈለቀች ቀና ብለው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ከኋላቸው የተደበቁትን ጋሽ መንገሻን አዩ። ነገሩ ገባቸው።

«የታመመ አፍ ጣዕም ያጣል ብዬ ነው፣» አሉ። «ጤነኛ ይጠጣዋል ብዬ መች አሰብኩ።»

ከዚያ ማን ቀድሞ ማንን እንደሳመ አላውቅም። ዓሣው እንዳረረ ግን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ።

እትዬ አመለወርቅ ሰላም አሉ፤ እትዬ ፈለቀች ልጃቸውን ፈቱ፤ ዱባለ ማሽኗን አስነሳ፤ ከማል ጃኬቱን ሰፋ፤ ሻምበል ዞረው ጀልባዋን አዩ፣ አይተውም አማረቻቸው፣ ፈረሙ፤ ትርሲት ማኅተሟን ከጉያዋ አወጣች፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሰችበት፣ መታች። ኳ!

ሐምሌም መጣ። ግን እሑዱ ቀድሞት ነበር።

በዚያ በሰኔ መጨረሻ እሑድ ጋሽ መንገሻ አዲሱን ፈቃድ በደረት ኪሳቸው፣ ሚስታቸውን ከፊታቸው አድርገው ቀዘፉ። የከተማው ድምፅ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ መቅዘፊያውን አቆሙ። እትዬ አመለወርቅ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ፤ ጋሽ መንገሻ የተኙ እስኪመስላቸው ድረስ።

«በል እንግዲህ፣» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ሌላስ ምን የደበቅከኝ አለ? እዚህ በር የለም።»

ጋሽ መንገሻ ዳሩን አዩት። ዳሩ ሩቅ ነው። ውሃውን አዩት። ውሃው ጥልቅ ነው። ሚስታቸውን አዩዋቸው፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ይዘዋል። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ከዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ጀመሩ።

የባልና ሚስት ወሬ ቆሞ ማዳመጥ ነውር ነውና፣ እኔ ተረቴን ዳር አደረስኩ፤ እነሱን መሃል ተውኳቸው።