ፊታቸውን ያዞሩት አበቦች

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዘመዱ እዚህ ተቀምጦ ይሆናል።

ወሩ ጽጌ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የሰው ሁሉ አጥር ቢጫና ቀይ ለብሷል። የእሱ ግቢ ግን ጎመን እንኳ የለውም። በዚያ ላይ የጽጌ ማኅበሩን የመደገስ ተራ ደርሶታል። ማኅበርተኞቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ የማኅበሩን መሪ፣ ሙሴውን ይመርጣሉ። ሰውዬው ደግሞ ሙሴነቱን ከተመኘ ሦስት ዓመቱ ነው። በራቁት ግቢ ማን ይመርጠዋል?

ታዲያ ምን አደረገ? ጨለማ ጠብቆ መሰላችሁ? የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ተበትኖ ሲያልቅ፣ አካፋና ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገባ። ወደ መቃብሮቹ ሄደ። ከአንዱ ዳሊያ፣ ከአንዱ ጽጌረዳ፣ ከአንዱ ጄራንየም፤ እንዳይታወቅ ከየመቃብሩ አንዳንድ ብቻ ነቀለ። «ሙታን አበባ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ።

አንዷ ቢጫ ጽጌረዳ ሥሯ አልላቀቅ አለው። ሳብ አደረጋት። ከታችም ሳብ የተደረገች መሰለው።

ወሰዳት።

የዚያኑ ቀን ሁሉንም ግቢው ውስጥ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርጎ ተከላቸው። በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ አበቦቹ ሁሉ ለቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረዋል። «ፀሐይ ፈልገው ነው» አለ። ፀሐይዋ ግን በወዲያኛው በኩል ነበረች። ወደ በሩ መልሶ በሲባጎ ከእንጨት ጋር አሰራቸው። በሦስተኛው ቀን ሲያያቸው ሲባጎው አልተፈታም፤ ቋጠሮውም እንዳለ ነው። አበቦቹ ግን ዞረዋል።

በድግሱ ቀን ማኅበርተኞቹ እየዘመሩ መጡ። ጎረቤቱ እትዬ የውብዳር ገና ከበሩ፣ «አንተ፣ ባለፈው ሳምንት ፍየል ቢገባ ተርቦ የሚወጣበት ግቢ አልነበር እንዴ ይሄ?» አሉት። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ።

ከዚያ ዝማሬው እየሳሳ ሄደ። አንድ ድምፅ ጎደለ፤ ሌላም ጎደለ። አቶ ሽብሩ ቀዩ ዳሊያ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም ሳይጠራቸው እያንዳንዳቸው አንዳንድ አበባ ፊት ቆሙ። እትዬ የውብዳር ቢጫዋ ጽጌረዳ ጋ ጎንበስ አሉ።

«ይቺ የልጄ ናት።»

«አበባ ይመሳሰላል እኮ፣ እትዬ።»

«ግንዷ ላይ ያለውን ቀይ ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

የጮኸ የለም። ቢጮኹበት በወደደ።

«እናትህም የተቀበሩት እዚያው አይደለም?» አሉት እትዬ የውብዳር። «ከእሳቸው የትኛውን አመጣህ?»

«ከእናቴ አላመጣሁም።»

«ሳሳህላቸው?»

«የለም… የእሷ መቃብር ላይ ምንም የለም።»

«ማን ይትከልላቸው ብለህ ነው?»

ያን ጊዜ ነፋስ አልነበረም። አበቦቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ።

ያን ቀን ሙሴ አልተመረጠም። ሰው የየራሱን ነቅሎ፣ ሥሩን በነጠላው አቅፎ ሄደ። ግቢው ውስጥ ትናንሽ ጉድጓዶች ብቻ ቀሩ።

ምእመናን፣ በሰውዬው ላይ ፈረዳችሁ አይደል? እኔም ፈርጄ ነበር። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ የሌላውን እንባ ፎቶ አንስተን በስልካችን የለጠፍነው ስንቶቻችን ነን? ጎረቤት የሠራውን ደግነት እያወራን ደግ የተባልነውስ? ግቢያችን ያምራል። የማን ነው?

አበባ መውደዱን አልነቅፍም። መሪ መሆን መፈለጉንም አልነቅፍም። እኔን የሚያስፈራኝ፣ ያን ሁሉ መቃብር እየዞረ ሲነቅል በእናቱ አጠገብ ማለፉ ነው። አለፈ። የሚነቀል ነገር ስለሌለ አላያትም።

እናንተስ? በሕይወት ያለ አባት፣ የታመመች እህት፣ ከእነሱ የምትወስዱት ነገር ስለሌለ ብቻ ያላያችሁት ሰው የለም? ዛሬ ከዚህ ስትወጡ መንገዳችሁ በእነማን ደጅ ነው? በዝግታ ሂዱ። የትኛው ደጅ ራቁቱን እንደቀረ እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ።