ያንቀላፋው ቆጠራ

በአንድ ወቅት፣ እንቁላል መታቀፍ ከዶሮ ወጥቶ ለኮምፒውተር በተሰጠበት ዘመን፣ አስካለ የምትባል ሴት በቢሾፍቱ ዳርቻ በሚገኝ የጫጩት ማስፈልፈያ ተረኛ ጠባቂ ነበረች። ሦስት ወንድሞቿም እዚያው የኮምፒውተር ሠራተኞች ነበሩ። አንድ ቀን ማሞቂያው ጠፋና ጫጩቶቹ በቅርፊታቸው ውስጥ አለቁ። ባለቤቱ አቶ ሺበሺ ምሕረት የማያውቅ ሰው ነው። «በማን ተራ እንደጠፋ የነገረኝን የክፍሉ ኃላፊ አደርገዋለሁ። ተረኛው ግን ከነቤተሰቡ ከግቢዬ ይወጣል» አለ።

ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ እምብርት የማሞቂያውን መጥፋት መዝግቧል። ችግሩ፣ እንደ ሰው ቀንና ሰዓት አይጽፍም፤ ኮምፒውተሩ ከተነሣ ጀምሮ ያለውን ሰከንድ ብቻ ይቆጥራል።

ታላቁ ወንድም ምንይችል ኮምፒውተሩ የተነሣበትን ሰዓት ፈልጎ ሰከንዱን ደመረበት። የእህቱ ተራ ሆነ። «እህቴም ብትሆን እውነቱ ይኸው ነው» አለ። አስካለ ፊቱን አየችው፤ አንገቱን እንኳ አልደፋም። ነሐሴ ነበር፤ ልጇን አዝላ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

መካከለኛው ዘርይሁን ሒሳቡ ስሕተት መሆኑን ወዲያው አውቋል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲያጣ ያንቀላፋል፤ ሲያንቀላፋ ቆጠራውም ይቆማል። በዚያው መዝገብ ላይ የተጻፈው የእንቅልፍ ጊዜ ሲጨመርበት ጥፋቱ ወደ ቀጣዩ ተረኛ፣ ወደ አቶ ሺበሺ የእህት ልጅ ይሻገራል። ዘርይሁን ግን ታላቁ መጀመሪያ ይሞገስና በሰው ፊት ይውደቅ ብሎ ተመኘ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለና አሳደረው።

ትንሹ አዝመራው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የእህቱ እንባ ግን አንገበገበው። «ከእንግዲህ ማንም በሰከንድ ቆጠራ አይፈረድበትም» ብሎ ከርነሉ መልእክቱን ሁሉ ሰው በሚያነበው ቀንና ሰዓት እንዲጽፍ አስተካከለ። ትእዛዙ እንዲሠራም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። አዲሱ መዝገብ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ አሮጌው ግን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበርና እስከ ወዲያኛው ጠፋ።

በማግስቱ ዘርይሁን አቶ ሺበሺ በጠራው ስብሰባ መካከል ተነሥቶ የእንቅልፉን ነገር ተናገረ። «ትናንትም አውቀው ነበር» ብሎ ተኩራራ። አስካለን ከምንይችል ፍርድ ይልቅ ይህ መረራት።

አቶ ሺበሺ ፈገግ አለ። «መዝገቡን አሳየኛ።»

የሚያሳየው አልነበረም። አዝመራው ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አስካለ፣ አንቺ መውጣትሽ አልቀረም» አለ አቶ ሺበሺ። «ግን የኃላፊነቱን ወንበር ለማን ልስጠው? የጠራሽው ይሾማል፣ ሁለቱ አብረውሽ ይወጣሉ። ዝም ካልሽ ሦስቱም ይወጣሉ።»

አንዱ ያመነበትን ተናግሮ አስፈረደባት። አንዱ ነጻ የሚያወጣትን እውነት ይዞ አደረ። አንዱ ሊያድናት ብሎ መዳኛዋን አጠፋ። ሦስቱም የእናቷ ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ በጀርባዋ ያለው ልጅ ያለቅሳል።

እንግዲህ ሰሚዎች ፍረዱ፦ ወንበሩ ለማን ይገባል? በእሷ ቦታ ብትቆሙስ፣ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?