አያ ጅቦ የውሃ አባት የሆነ ጊዜ

ጠጋ በሉ ልጆች። እናንተም ጎልማሶቹ ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ይህ ተረት ለፈሪ አይነገርም፤ ፈሪ ካለ ግን ይስማውና ይፈር።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አገር አንድ ትልቅ ወንዝ ነበር። ያንን አገር ያቀናው ንጉሥ አይደለም፣ ወንዙ ነው። መጀመሪያ ጦጢት ከዳሩ ጭቃ አንስታ እንስራ ሠራች። እንስራ ሊገዛ የመጣው ጃርት በዚያው ቀረና ቦይ ቆፍሮ ማሳ አለማ። ከርከሮ ቃጫ ወንዝ ውስጥ እየዘፈዘፈ ገመድ ገመደ። እህሉ ሲበዛ ዝንጀሮ የውሃ ወፍጮ ተከለ። የሁሉንም ጭነት ገበያ የምታደርሰው እትዬ አህያ ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጫካው መንደር፣ መንደሩም ከተማ ሆነ።

ውሃ ግን ያለ ሥርዓት ያጣላል። ስለዚህ ተራ ወጣ። ለወፍጮው ተራ፣ ለጭቃው ተራ፣ ለቃጫው ተራ፣ ለማሳው ተራ። ተራ አስጠባቂው የውሃ አባት ይባላል። ሲሾም እጁን ወንዝ ውስጥ ነክሮ፣ «ባለተራው ሁሉ ጨርሰናል ሳይል ውሃ አልቀምስም፤ ውሃ ሳልቀምስ ግብር አልበላም፤ ከቦዩም አፍ አልለይም። ይህን ባፈርስ ወንዙ ይውሰደኝ» ብሎ ይምላል። አሮጌው የውሃ አባት ኤሊ ደግ ስለነበር ባለተራዎቹ በየማለዳው፣ «ጨርሰናል፣ ይጠጡ» ይሉት ነበር። ወፍጮው እየዞረም ቢሆን ይሉታል። ደግ ሰው ውሃ አይከለከልማ።

ኤሊ የሞተ ዓመት አያ ጅቦ ከደረቁ ኮረብታ ወርዶ ቦዩ አፍ ላይ ተጋደመ።

«ከዛሬ ጀምሮ የውሃ አባት እኔ ነኝ» አለ። «ግብሬ በየሳምንቱ አንድ ለጋ ሥጋ ነው። ሰኞ ከአህያዋ ውርንጭላ እጀምራለሁ።»

ሁሉም አቀረቀረ። ከርከሮማ ጭራሽ፣ «ሁላችን ከምናለቅስ አንድ ቤት ቢያለቅስ ይሻላል» አለ።

እትዬ አህያ ሰማችው። «አያ ከርከሮ፣ የዚህ ሳምንት የኔ ልጅ ነው። የሚመጣው ሳምንትስ የማን ነው? ያንተ ልጆች አምስት ናቸው፤ ለአምስት ሳምንት ይበቁታል» አለችው። ከርከሮ አፈረ። ማፈር ነበረበት።

እሷ ግን አላለቀሰችም። ቤት ለቤት ዞራ ለሁሉም አንድ ነገር ተናገረች። «መሐላውን ይማል። እናንተ ብቻ ጨርሰናል እንዳትሉት።»

ሰኞ ማለዳ «የውሃ አባት ሳይምል ግብር አይበላም» ቢሉት፣ አያ ጅቦ እጁን ነክሮ ጥድፍ ጥድፍ እያለ ማለ። ዓይኑ ውርንጭላዋ ላይ ነበር። መሐላው ለወግ ያህል የሚባል መስሎታል፤ ኤሊ በየማለዳው ሲጠጣ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ያይ ነበርና።

«በሉ፣ ወፍጮው ጨረሰ?»

«ገና ነው አያ ጅቦ፤ ጤፉ አላለቀም» አለ ዝንጀሮ።

«ጭቃውስ?»

«ገና ነው አያ ጅቦ፤ እንስራው አንገት አልወጣለትም» አለች ጦጢት።

«ቃጫውስ?»

«ገና ነው አያ ጅቦ፤ አልራሰም» አለ ከርከሮ።

«ማሳውስ?»

«ገና ነው አያ ጅቦ፤ ጎመኑ ጠምቶታል» አለ ጃርት።

ማክሰኞም ጠየቀ። ገና ነው አያ ጅቦ። ረቡዕም ጠየቀ። ገና ነው አያ ጅቦ። ውሃው በአፍንጫው ሥር እየተንፎለፎለ ያልፋል፣ የሱ ምላስ ግን ደርቆ ከላንቃው ተጣበቀ።

ሐሙስ ተነሣና ጥርሱን አገጠጠ። «እናንተ ናችሁ የምትከለክሉኝ? ሁላችሁንም እበላችኋለሁ!»

እትዬ አህያ ውርንጭላዋን ከኋላዋ አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ብላ። ከኔ ጀምር። ግን መሐላህን የምታፈርሰው የት ቆመህ እንደሆነ ልብ በል። ደጋው ጠቁሯል፣ ወንዙ መደፍረስ ጀምሯል፤ ውሰደኝ ያልከውም አንተ ነህ። እኛ ከዚህ ንቅንቅ አንልም። ቦዩን የቆፈርን እኛ፣ ወፍጮውን የተከልን እኛ። አንተ እዚህ ያለህ ነገር ቢኖር ጥርስህ ብቻ ነው።»

ዝንጀሮ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ጦጢት መጣች። ጃርት እሾሁን አቁሞ መጣ። በመጨረሻ ከርከሮ አምስቱን ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ወንዙም ከላይ እያጓራ ቀላ።

አያ ጅቦ ወንዙን አየ፣ እነሱን አየ፣ ቁጢጥ አለ።

«አንድ ጉንጭ ብቻ፣ እትዬ አህያ።»

«ከሹመቱ ውረድ።»

«ወረድኩ።»

«ግብሩስ?»

«ተውኩ፣ ተውኩ።»

«ስትሾም ጮኸህ ነው የተናገርከው። ስትወርድም ሁሉ ይስማ።»

ጮኸ፤ አገር ሰማው። ከዚያ ቦዩ አፍ ላይ ተደፍቶ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ቀና ሲል ጃርት ዶማ ይዞ ቆሞ ጠበቀው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«ዶማ ነው። እዚህ አገር የጠጣ ሁሉ ደለል ይጠርጋል» አለው። ጠረገ፣ ምን ያድርግ።

እኔ የሰማሁትን አወረስኳችሁ፤ እናንተም ፈሪ ባያችሁ ቁጥር ንገሩት። ለዚህ ነው አባቶች፣ «ሳይሾሙት የተሾመ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ተጠማ» የሚሉት።