እናት ገበና ናት ወይ?

አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ነበረች። ሰኞ እዚህ ቤት፣ ረቡዕ እዚያ ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ በከተማው ትልቁ ግቢ ውስጥ ታጥባለች። ባሏ ሞቶባታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ሴትዮዋ ይመናሹ ትባላለች። ስሟን አስቀድሜ የምነግራችሁ አውቄ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው ስለማታገኙ ነው።

ልጇ ረድኤት የምትማርበት ትምህርት ቤት ፖርቱጋል ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ተወዳጀ። የዚያ አገር ልጆች ስለ ኑሯቸው አጭር ፊልም ሠርተው ይልካሉ፤ የእኛዎቹም የራሳቸውን ይልካሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ልጆች ሲተዋወቁ ማን ይጠላል?

የፖርቱጋሎቹ ቀድሞ መጣ። አንድ ልጅ ዓሣ ገበያ ውስጥ ቆሞ አባቱን ያሳያል። አባትየው ሽርጡ በደም ተለውሶ የዓሣ ሆድ ይቀድዳል። ልጁ አፍንጫውን ይዞ፣ «ይሄ አባቴ ነው፤ ማታ ወደ ቤት ሲመጣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይከተለዋል» ይላል። አባትየው ይስቃል፣ ልጁም ይስቃል። የእኛ ተማሪዎች በሳቅ ሞቱ።

በዚያው ቀን ረድኤት እየሮጠች ቤቷ ገባች። «እማዬ፣ እኔን መረጡኝ! ኑሮሽን አሳዪ ተብያለሁ። ስታጥቢ እቀርጽሻለሁ!»

«ሂጂ ወዲያ! እኔን ደግሞ ማን ብሎ ያየኛል?» አለች ይመናሹ። ይህን ትበል እንጂ ትንሽ ቆይታ ሳጥኗን ከፈተችና ቀሚሶቿን ታገላብጥ ጀመር፤ የቱ ይሻለኝ ይሆን እያለች። ልብ በሉልኝ፣ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ግዛቸው አስጠራት። «ስሚ» አላት። አንቱታውን ለሌላ ሰው አስቀምጦታል። «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው። ግን ፊልሙን የሚያየው ፈረንጅ ነው። ገበናችንን አደባባይ አናወጣም። የምንቀርጸው ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ነው። እናት ሆነው የሚታዩትም እሳቸው ናቸው። ፈቅደውልናል፣ እግዜር ይስጣቸው።»

ገበና! ወገኖቼ፣ ገበና ምንድን ነው? ሰርቆ የተያዘ ልጅ፣ ሰክሮ ሚስቱን የደበደበ ባል፣ እሱ ገበና ይባል። በእጇ ሠርታ፣ ከማንም ሳትለምን ልጅ ያስተማረች እናት ከመቼ ወዲህ ነው የምትሸፈነው? ማን ፈረደባት?

ይመናሹ ግን ምን አለች? «እሺ ጋሼ፣ ለልጄ የሚበጃትን እርስዎ ያውቃሉ» አለች። ቤቷ ስትገባ ልጇ አኩርፋ አገኘቻት። «እንቢ እላለሁ» አለች ረድኤት። «እንዲህ ያለ ዕድል ጥለሽ? እኔ ከፋኝ አልኩሽ?» ብላ ያግባባቻት እናቷ ራሷ ነበረች።

ቀረጻው ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ ይመናሹ የምታጥብበት ትልቁ ግቢ ደግሞ ያው የወይዘሮ እልፍነሽ ግቢ ነው! ካሜራው ሲገባ እሷ ሳፋዋ ፊት ተቀምጣለች። ደንግጣ ተነሣች። «ልውጣላችሁ?»

አቶ ግዛቸው ትንሽ አሰበ። «የለም፣ ቁጭ በይ። ሠራተኛ ያለው ቤት ያምራል። ጀርባሽን ብቻ ስጪን» አላት።

ትሰማላችሁ ወይ? እናትነቷን ደበቁት፣ ጀርባዋን ግን ለጌጥ ፈለጉት። አያንገበግብም? እኔን ያንገበግበኛል!

ረድኤት ዩኒፎርሟን ለብሳ በበሩ ገባች። በእናቷ አጠገብ ዝም ብላ አለፈች። በረንዳው ላይ የቆመችውን ወይዘሮ እልፍነሽን አቅፋ፣ «እማዬ» አለች። ሳፋው ላይ ያጎነበሰችው ሴት «ወዬ» ልትል አፏን ከፈተች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ድምፅ «እማዬ» ስትል «ወዬ» ብላለቻ! አፏን መልሳ ገጠመችና ልብሱን ማሸት ቀጠለች። አንድም ሰው አላያትም።

ከዚያ በምስሉ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ተዘጋጀ። አቶ ግዛቸው ራሱ ነው የጻፈው። «በእኛ አገር ሰው ሰውን ሰላም ሳይል አያልፍም፤ እናት ደግሞ ከሁሉ በላይ ናት» ይላል። ረድኤት በእንግሊዝኛ አነበበችው። ፊልሙም ተላከ።

የወላጆች በዓል ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ወይዘሮ እልፍነሽ ከፊት፣ ይመናሹ ከኋላ በሩ አጠገብ። የፖርቱጋሎቹ ልጆች መልስ በትልቁ ስክሪን ላይ መጣ፤ የእንግሊዝኛው መምህር ማይክ ይዞ ያስተረጉማል። ፊልማችሁን ወደድነው፣ ግቢያችሁ ያምራል፣ እያሉ ቆዩና አንዲት ልጅ ወደ ካሜራው ቀረበች። አንድ ነገር ጠየቀች። መምህሩ ዞሮ ዳይሬክተሩን አየ። አቶ ግዛቸው በዓይኑ ጠቀሰው። መምህሩም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እ... ባህላችሁ በጣም ደስ ይላል ነው የምትለው» አለ።

«አላለችም!»

ረድኤት ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆማለች። «እንደዚያ አላለችም። ሰው ሰውን ሰላም ሳይል አያልፍም ብላችኋል፤ ታዲያ ልብስ የምታጥበዋን ሴት ለምን ዝም ብላችሁ አለፋችኋት? ነው ያለችው። ያለፍኳት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ እናቴ ናት። ያቻትና፣ በሩ ጋ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ይመናሹ ፊቷ ደም መሰለ። ዳይሬክተሩን አየች፣ ወይዘሮ እልፍነሽን አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና፣ «ኧረ እኔ አይደለሁም! ልጅቷ ተሳስታ ነው» አለች።

ልጅቷ! ልጄ እንኳ አላለችም።

«ይኸው! ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው» አለ አቶ ግዛቸው፤ እጁንም አንሥቶ አጨበጨበ። አዳራሹም አጨበጨበ። አዳራሹ ውስጥ ይመናሹን የማያውቅ ሰው የለም። የግማሹን ሰው አንሶላ ያጠበችው እሷ ናት። ረድኤትን አዝላ ስትዞር ያላየ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አጨበጨበ!

ወደ ቤት ሲሄዱ ረድኤት፣ «ለምን እማዬ?» አለች።

«ለአንቺ ብዬ ነዋ የኔ ልጅ። ሰው እንዳይንቅሽ ብዬ።»

«ለእኔ ብለሽ እናት አሳጣሽኝ?»



ወገኖቼ፣ በዚህች ሴት የምትፈርዱ እንዳትኖሩ። እኔ አልፈርድባትም። አፏን ያስያዝናት እኛ ነን። የፖርቱጋል ሰዎች ከእኛ ይሻላሉም አላልኩም፤ የራሳቸው ጉድ አያጣቸውም። ግን ጥያቄው ለእኛ ነው የመጣው፣ እኛም በጭብጨባ አዳፈንነው።

እስቲ ንገሩኝ። ከገጠር የመጣ አባትህን ለሥራ ባልደረቦችህ «የሰፈራችን ሰው ነው» ያልከው አንተ አይደለህም ወይ? በሠርግሽ ቀን አክስትሽን ቪዲዮ ውስጥ እንዳትገባ ጓዳ ያስቀመጥሻትስ? ያቺ አክስት እኮ ናት ያሳደገችሽ! እኛስ ምን አልን? ምን አገባን አልን። የሰው ጉዳይ ነው አልን። ከዚያ ቤታችን ገብተን ልጆቻችንን ስለ እናት ክብር እናስተምራለን። ልጆቹ እኮ ያዩናል! ማንን እንደምናቅፍ፣ ማንን ዘለን እንደምናልፍ አይተው ጨርሰዋል።

በዚያ አዳራሽ አንድ ሰው ቢነሣ ምን ነበረበት? «አቶ ግዛቸው፣ አይዋሹ፣ እኔ አውቃታለሁ» የሚል አንድ ጎረቤት ቢገኝ፣ ያቺ ሴት ልጇን አትክድም ነበር። አንድ ሰው ጠፋ! ጾመኛ ሞልቶ፣ አስቀዳሽ ሞልቶ፣ አንድ ሰው ጠፋ።

እንዲህ ያለ አዳራሽ ነገ እናንተንም ይገጥማችኋል። የሥራ ቦታ ይሆናል፣ ሠርግ ይሆናል፣ ለቅሶ ቤት ይሆናል። የደከመች ሴት በሩ አጠገብ ቆማ «እኔ አይደለሁም» ስትል ትሰማላችሁ፤ ሰዉም ሊያጨበጭብ እጁን ያነሣል። ያን ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ። ተነሡ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉና፣ «ውሸት ነው፤ ይመናሹ ትባላለች፣ እናቷ ናት» በሉ።