ፊታውራሪ «አናግሪያት» ያሏት አሻንጉሊት

አንዲት አሻንጉሊት ሠሪ ነበረች፤ እጇ ነጩን ሸክላ ያለሰልሰዋል፣ ምላሷ ግን ለማንም አይለሰልስም። ፊታውራሪ ስንሻው የተባሉ አፋቸው የማያርፍ ጌታ አስጠሯትና፣ «ባለቤቴን ወይዘሮ ላቀችን የምትመስል አሻንጉሊት ሥሪልኝ። ቁርጥ እሷን ካልሆነች ትገረፊያለሽ!» አሏት።

ሴትዮዋ ሸክላውን ቀርጻ በእሳት ተኮሰችው። በአሻንጉሊቷ አንገት የብር ድሪ፣ በጆሮዋ ባለ ቀይ ፈርጥ ጉትቻ፣ በእግሯም አልቦ አደረገችላት። በግብር ቀን ይዛት ስትቀርብ እንግዳው ሁሉ «ቁርጥ ወይዘሮ ላቀችን!» አለ።

ፊታውራሪ ግን በሰው ፊት ሊጫወቱባት ፈልገው፣ «አንድ ነገር ጎድሏታል። ባለቤቴ ትናገራለች፤ ይቺ ግን ዲዳ ናት። አሁኑኑ አናግሪያት፤ አለዚያ ጅራፍ ይምጣ!» ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ መናገሩንስ ትችላለች። ነገር ግን ቁርጥ እመቤቴን አድርጌ ስለሠራኋት፣ እርስዎ እየተናገሩ እሷ አፏን አትከፍትም። እስኪ አንድ ጊዜ ዝም ይበሉላትና እንስማት» አለቻቸው።

ፊታውራሪ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን አንዲት ቃል ከወጣቸው አሻንጉሊቷን ያፈኗት እሳቸው ሊሆኑ ነው። አፋቸውን መልሰው ዘጉት። እንግዳው ሳቁን በጋቢው አፍኖ አሻንጉሊቷን ሲመለከት፣ ከፊታውራሪ ጎን የሴት ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ላቀች ነበሩ።

«እሰይ! እኔም ተራ ደረሰኝ» አሉ። «በሉ ጅራፉን ተዉና ለዚህች ሴት ካባ አምጡላት!»