ግማሽ በሬ የሚያበላው ትምህርት

አንድ ጊዜ፣ የአውሬ ደመወዝ በገብስና በሙክት ይከፈል በነበረበት ዘመን፣ ቀበሮ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ትምህርት ቤት ከፈተ። የሚያስተምረው ነጋሪነት ነው፤ አዋጅ ማወጅ፣ ወሬ ማድረስ፣ ድምፅን አሳምሮ ሕዝብ ፊት መቆም። ራሱንም «የኔታ» አስባለ። ማን የኔታ እንዳደረገው የጠየቀ አልነበረም።

አንዲት አህያ ይህን ሰምታ ሸክሟን እንዳራገፈች ከተፍ አለች።

«የኔታ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እህል ተሸክሜ ገበያ ስመላለስ ኖርኩ። ስንት ጉድ አያለሁ መሰለዎት! አንድም ቀን ‹ምን አየሽ?› ያለኝ የለም። መናገር እፈልጋለሁ።»

«ድንቅ ነው ልጄ!» አለ ቀበሮ። «ከዚህ የወጣ ተማሪ በአማካይ በቀን ግማሽ በሬ ይበላል።»

«ግማሽ በሬ? እንዴት ሆኖ?»

«እስካሁን ሁለት አስመርቄያለሁ። የአንበሳው ልጅ በቀን አንድ ሙሉ በሬ ይበላል። ጥንቸልም... እሷም የምትቀምሰው አታጣም። ደምረሽ ለሁለት ስታካፍዪው ግማሽ በሬ ነው።»

የአንበሳው ልጅ ሳይማርም ያንኑ በሬ ይበላ እንደነበር አህያዋ አላሰበችም። እሷ ራሷ በሬ እንደማትበላ እንኳ ትዝ አላላትም! ለመናገር የጓጓ እንዲህ ነው፤ አልፈርድባትም።

«ክፍያውስ?» አለች። «እኔ ከጀርባዬ በቀር ምን አለኝ?»

«እሱ ነው ያስጨነቀሽ? አያ ጅቦ ያበድርሻል!»

ጅብ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለ። አህያዋን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አየና ምራቁን ዋጠ።

«ለየኔታ አንድ የሰባ ሙክት እከፍልልሻለሁ» አላት። «ስትመረቂ ድምፅሽ ከሚያመጣው ሁሉ እኩሌታው የእኔ ነው። እኩሌታዬን ያስቀረሽብኝ ቀን ግን ታፋሽን እወስዳለሁ።»

«ከሚያመጣው ሁሉ?»

«ሁሉ ማለት ሁሉ ነው! አንዲት ነገር አትቀርም!»

ቀበሮ ምስክር ሆነ። ሙክቱ ተበላ፣ ትምህርቱ ተጀመረ።

መቼም እውነት ይነገር፣ ቀበሮ ዋሾ ይሁን እንጂ ማስተማር ያውቅበታል። አህያዋም ጎበዝ ተማሪ ሆነች። ትንፋሽን ከሆድ ማውጣት፣ ቃልን ከኮረብታ ኮረብታ ማድረስ ተማረች። ተመርቃም ሥራ ፍለጋ ወጣች። አንበሳው ግቢ ብትሄድ፣ ነጋሪው የአንበሳው ልጅ ሆኖ አገኘችው። ዞራ ዞራ ገበያ ዳር ቆማ የጠፋ ከብት ማስነገር ጀመረች፤ ደመወዟም አንድ እፍኝ ገለባ ሆነ። እኩሌታውን ለጅብ ወሰደችለት።

ጅብ ገለባውን ቢያሸተው አስነጠሰው። «ሙክቴን አስበልታችሁኝ ገለባ?» ብሎ ጮኸ።

ሌሎቹ አህዮች ደግሞ ባዩዋት ቁጥር ያሾፋሉ፤ «ተምረሽ ተምረሽ እዚያው ማናፋት ነው እንዴ?» ቀበሮ ዘንድ ብትሄድ «ገበያው ቀዝቅዞ ነው ልጄ። ‹የላቀ ማናፋት› የሚባል ሁለተኛ ትምህርት አለኝ፤ ለአንድ ሙክት ብቻ» አላት። ወይ አለማፈር!

ስትመለስ ጥንቸልን መንገድ ላይ አገኘቻት። «አንቺ በነጋሪነትሽ ምን ትበያለሽ?» አለቻት።

«ሣር ነዋ! ሳልማር እበላው የነበረውን ሣር።»

አህያዋ ደሟ ፈላ። «መማሬ አይቆጨኝም» አለች። «መዋሸታቸው ነው የሚያንገበግበኝ!»

አንድ አመሻሽ ላይ ጅብ ቀበሮን አስከትሎ መንደሩ ዳር ካለው አውድማ መጣባት። «ገለባ ሰልችቶኛል» አለ። «እኩሌታዬ ይቺ ብቻ ከሆነች ደብቀሻል ማለት ነው። ታፋሽን አምጪ!»

አህያዋ ግን አልሮጠችም።

«ቆይ አያ ጅቦ፤ ውላችን ድምፄ ከሚያመጣው ሁሉ እኩሌታው አይደል?»

«ነው!»

«የሚጣፍጠውም የማይጣፍጠውም?»

«ሁሉ አልኩሽ እኮ! አትጨቅጭቂኝ!»

«የኔታ፣ ሰምተዋል አይደል?»

«ሰ... ሰምቻለሁ» አለ ቀበሮ። ነገሩ አላማረውምና ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

አህያዋ እግሮቿን ተከለች፤ እንደተማረችውም ትንፋሿን ከሆዷ አወጣች።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጅብ አውድማው ላይ ቆሟል! ታፋዬን ሊበላ ነው! ቀበሮ ግማሽ በሬ ትበላላችሁ ብሎ ለጅብ ሸጦናል!»

መንደሩ ተተራመሰ። ከላይ በኩል ውሾች ግር ብለው ወረዱ፤ ከኋላቸው ዱላ የያዙ ገበሬዎች። ከታች በኩል ደግሞ አህዮች ሁሉ፣ ያሾፉባት ሳይቀሩ፣ እያናፉ ደረሱ።

«ድምፄ ያመጣው ይኸው!» አለች አህያዋ። «እኩል እንካፈል። ውሻውና ዱላው ያንተ፣ ወገኖቼ የእኔ። አንዲት ነገር እንዳትቀርብህ!»

«ተይው! ሁሉንም ምሬሻለሁ!» እያለ ጅብ እግሬ አውጪኝ አለ። ድርሻው ግን እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ተከተለው። ቀበሮም በግርግሩ መካከል ሾልኮ ወደ ዋርካው ተመለሰ።

በማግስቱ አህያዋ ዋርካው ፊት ቆመች። ለመመዝገብ ለሚመጣው ሁሉ «የአንበሳው ልጅ በሬ ይበላል፣ ጥንቸል ሣር ትበላለች፣ እኔ ገለባ እበላለሁ» ትላለች። «ይህን አውቆ መማር የፈለገ ይግባ፤ ትምህርቱስ ጥሩ ነው።»

ቀበሮ እየተለሳለሰ መጣ። «ልጄ፣ ስሜን አጠፋሽው እኮ! እኔ አይደለሁም ወይ ያስተማርኩሽ?»

«ለዚህ እኮ ነው ድምፄ ሩቅ የሚሰማው፣ የኔታ።»

«እሺ በቃ፣ በየቀኑ አንድ ቁና ገብስ ልክፈልሽ። ሥራሽ ዝም ማለት ብቻ ነው።»

ነጋሪነት ከተማረች ወዲህ ከቀረበላት ደመወዝ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ሆዷ ጮኸ፤ ገብሱንም አየት አድርጋዋለች። ከዚያ ግን ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ አቆመች።

«ዝም ብሎ መሸከሙንማ ሳልማርም እችልበት ነበር» አለችው። ወደሚመጡት ፍየሎችም ዞረችና «ያልሰማህ ስማ!» ብላ ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው ለትምህርት ከመበደራችን በፊት የአንበሳውን ልጅ በሬ ትተን ጥንቸሏ ምን እንደበላች መጠየቅ እንዳለብን፣ ከተማርን በኋላ ደግሞ የሚከፈለን ገለባ ቢሆን እንኳ ድምፃችንን ለአበዳሪም ለአስተማሪም መሸጥ እንደሌለብን ነው።